የሸክላው ምጣድና ስሱ ምጣድ፦ ከመግዛታችሁ በፊት ቮልቴጁን ለኩ

በኮዬ ፈጬ፣ በቱሉ ዲምቱ፣ በቦሌ አራብሳ ወይም በሱሉልታ መንገድ ዳር ባሉ የኤሌክትሪክ ዕቃ ሱቆች አሁን ሁለት ዓይነት ምጣድ ጎን ለጎን ተቀምጦ ይታያል። አንደኛው የምናውቀው ነው፦ ክብ የላሜራ አካል ከነእግሩ፣ ከላይ ጥቁር ሸክላ፣ ሾጣጣ ክዳን። ሌላው ስስ ነው፦ የማያጣብቅ ሽፋን ያለው የአሉሚኒየም ሰሌዳ፣ የሙቀት መቆጣጠሪያ ቁልፍ ወይም ቁጥር የሚያሳይ መስኮት፣ አንዳንዱ ላይም የመስታወት ክዳን። ሻጩ «ይኼኛው መብራት በግማሽ ይቀንሳል» ይላል። ውሸት ነው ለማለት አይደለም። ነገር ግን ቁጠባው የሚገኘው ሶኬቱ በቂ ቮልቴጅ ሲሰጥ ብቻ ነው። መስመር ጫፍ ላይ ለሚኖር ሰው፣ ማለትም ለብዙው የአዲስ አበባ ዳርቻ ነዋሪ፣ የምጣዱ ዓይነት ሁለተኛው ጥያቄ ነው። የመጀመሪያው ሽቦው ነው።

ጉልቻ ቢለዋወጥ ወጥ አያጣፍጥም ይባላል። ለወጥ ይሁን። እንጀራ ግን ከሥሩ ባለው ነገር ይለወጣል፤ ለምን እንደሚለወጥም በቁጥር ማየት ይቻላል።

ከሸክላው እንጀምር። 58 ወይም 60 ሴንቲሜትር ስፋት ያለው ሸክላ ከጀርባው እየዞረ ወደ መሃል የሚገባ ቦይ ይቆፈርለታል፤ ቦዩ ውስጥ የተጠመጠመ የኒክሮም ሽቦ ይተኛል፤ ላዩ በጀሶ ወይም በሸክላ አፈር ይደፈናል። አብዛኛው ከ3.5 እስከ 4 ኪሎዋት ይስባል። 3.5 ኪሎዋቱን ብንወስድ በ220 ቮልት 16 አምፔር ያህል ነው፤ የሽቦው ሬዚስታንስ (ኮረንቲን የሚቋቋምበት መጠን) ደግሞ 13.8 ኦም። ይህቺን 13.8 ያዟት፤ ወደ በኋላ ቴስተር (ቮልትና ኦም መለኪያ) ስናወጣ ትፈለጋለች።

ሸክላው 2.5 ሴንቲሜትር ውፍረት ካለው 13 ኪሎ ገደማ ይመዝናል። ከ20 ዲግሪ ወደ 200 ዲግሪ ለመድረስ ሸክላው ብቻውን 0.6 ኪሎዋት ሰዓት ያህል ይውጣል። ወደ ጎንና ወደ ታች የሚባክነው ሲጨመርበት አንድ ኪሎዋት ሰዓት ይደርሳል። ይህ ሁሉ አንድም እንጀራ ሳይወጣ ነው፤ ከ15 እስከ 20 ደቂቃ የሚፈጀውም ለዚህ ነው።

50 ሴንቲሜትር ስፋትና 6 ሚሊ ሜትር ውፍረት ያለው የአሉሚኒየም ሰሌዳ ክብደቱ 3.2 ኪሎ ያህል ነው። እዚያው ሙቀት ላይ ለመድረስ 0.14 ኪሎዋት ሰዓት ይበቃዋል። ማሞቂያው 2 ኪሎዋት ከሆነ፣ ብክነቱን ጨምረን፣ በ6 ደቂቃ ውስጥ ይደርሳል። የአዲሱ ምጣድ ዋናው ቁጠባ እዚህ ላይ ነው፤ ለማሞቅ ብቻ የሚከፈለው መብራት ወደ አንድ አምስተኛ ይወርዳል።

መጋገሩ ላይ ግን ነገሩ ይለያል። ለአንድ ትልቅ እንጀራ 450 ግራም ያህል ሊጥ ይፈስሳል። ይህንን ሊጥ እስከ መፍላት ማድረስ፣ ከዚያም 80 ግራም ያህል ውሃ ከውስጡ ማትነን ወደ 300 ኪሎ ጁል፣ ማለትም 0.085 ኪሎዋት ሰዓት ይጠይቃል። (አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ 2,400 ሜትር ላይ ስለሆነች ውሃ የሚፈላው በ92 ዲግሪ ገደማ ነው፤ ወደ ሱሉልታ ሲወጣ ደግሞ በአንድ ዲግሪ ያህል ዝቅ ይላል። ለስሌቱ ብዙ ለውጥ አያመጣም።) ይህን 0.085 የትኛውም ምጣድ፣ ዲጂታልም ይሁን ሌላ፣ ሊቀንሰው አይችልም። ውሃው መትነን አለበት። ምጣዶች የሚለያዩት ከዚህ በላይ በሚያባክኑት መጠን ነው።

እንግዲህ ቮልቴጁ ሙሉ 220 ነው ብለን እንቁጠር። ሸክላው ሳይጠፋ እየሠራ፣ ከሊጥ እስከ ሊጥ ለአንድ እንጀራ ሦስት ደቂቃ ተኩል ቢወስድ፣ ለአንዱ 0.2 ኪሎዋት ሰዓት ይሄዳል። አሥር እንጀራ ከነማሞቂያው 3.1፣ ሃያ አምስት ደግሞ 6.1 ኪሎዋት ሰዓት። ስሱ ምጣድ አንዱን በአራት ደቂቃ ያወጣል እንበል፤ መቆጣጠሪያው አልፎ አልፎ ስለሚያጠፋው ለአንዱ 0.11 ኪሎዋት ሰዓት አካባቢ ነው። የስሱ እንጀራ ግን ትንሽ ነው! 50 ሴንቲሜትር ከ58 ጋር ሲነጻጸር ስፋቱ ሦስት አራተኛ ገደማ ብቻ ነው። አሥር ትልልቅ እንጀራ ማለት በስሱ አሥራ ሦስት ተኩል ነው፤ ሃያ አምስቱ ሠላሳ አራት ይሆናል። ይህንን አስገብተን ስናሰላ ለአሥሩ 1.7፣ ለሃያ አምስቱ 4 ኪሎዋት ሰዓት ይመጣል። ጊዜውም ይቆጠር፦ ለሃያ አምስቱ በሸክላ አንድ ሰዓት ከሦስት ሩብ፣ በስሱ ሁለት ሰዓት ከሃያ ደቂቃ።

ስለዚህ ሻጩ «በግማሽ» ያለው ለጥቂት እንጀራ ትክክል ነው፤ ለብዙ እንጀራ ቁጠባው ወደ አንድ ሦስተኛ ይወርዳል፤ በጊዜ በኩል ደግሞ ኪሳራ አለው። በሳምንት ሁለቴ ሃያ አምስት የሚጋግር ቤት በሸክላ በወር 50 ኪሎዋት ሰዓት አካባቢ ለምጣድ ብቻ ያወጣል። ታሪፉ በደረጃ የሚጨምር በመሆኑ ይህ ቁጥር ቤቱን ወደሚቀጥለው ደረጃ ሊገፋው ስለሚችል ቁጠባው ቀላል አይደለም። ነጠላ ለሆነ ወይም ሁለትና ሦስት ሆኖ ለሚኖር ቤተሰብ ስሱ ምጣድ ጥሩ ዕቃ ነው፤ ቮልቴጁ ካለ።

ቮልቴጁ ከሌለስ?

የማሞቂያ ሽቦ ኃይል የሚወርደው በቮልቴጁ ልክ ሳይሆን ቮልቴጁ በራሱ ሲባዛ በሚገኘው ልክ (በካሬው) ነው። 220 ወደ 200 ሲወርድ ሙቀቱ ወደ 83 በመቶ ይወርዳል። 180 ላይ 67 በመቶ ብቻ ይቀራል፤ 3.5 ኪሎዋት የተባለው ሸክላ 2.3፣ 2 ኪሎዋት የተባለው ስስ ምጣድ ደግሞ 1.3 ኪሎዋት ይሆናል። ከምሽቱ 12 እስከ 3 ሰዓት ሁሉም ቤት ምድጃና አምፖል በሚያበራበት ጊዜ፣ ወይም የበዓል ዋዜማ ላይ፣ ከትራንስፎርመሩ ርቆ ያለ ቤት 180 ላይ መድረሱ እንግዳ ነገር አይደለም። ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. የተመረቀው የሕዳሴ ግድብ 5,150 ሜጋዋት የማመንጨት አቅም አለው፤ ያ ኃይል የእናንተ ሊጥ ሥር የሚደርሰው ግን በሰፈሩ ትራንስፎርመርና ከምሰሶው ወደ ቤታችሁ በተሳበችው ሽቦ በኩል ነው።

በቮልቴጅ መውረድ ይበልጥ የሚጎዳው ስሱ ነው፤ ምክንያቱም ያጠራቀመው ሙቀት የለም። 13 ኪሎው ሸክላ በአንድ ዲግሪ ሲቀዘቅዝ 12 ኪሎ ጁል ያህል ለሊጡ ይሰጣል። የአሉሚኒየሙ ሰሌዳ የሚሰጠው 3 አይሞላም። ያንኑ ያህል ሙቀት ለመስጠት ሸክላው 10 ዲግሪ ቢወርድ አሉሚኒየሙ 40 መውረድ አለበት ማለት ነው። የሸክላው ፊት ሊጡ ሲያርፍበት ለአፍታ ይቀዘቅዛል፤ ከሥሩ ያለው ግን ቶሎ ይተካዋል። የእንጀራ ዓይን ደግሞ የሚወጣው በመጀመሪያው ደቂቃ ነው፦ ሥሩ በኃይል ይሞቃል፣ እንፋሎቱና በእርሾው የተያዘው ጋዝ ሊጡን ሰንጥቆ ይወጣል፣ ቀዳዳው ሳይዘጋ ሊጡ ይረጋል። ሙቀቱ ቀስ ብሎ ሲመጣ ሊጡ ጋዙ ሳይወጣ ይረጋል፤ እንጀራው ዓይኑ የተዘጋ፣ መሃሉ ልጥልጥ፣ ጠርዙ የደረቀ ይሆናል። ሰው ይህን ሲያይ እርሾውን ወይም ጤፉን ይወቅሳል። ብዙ ጊዜ ጥፋቱ የሶኬቱ ነው።

መብራት መሃል ላይ ቢጠፋ ደግሞ ሸክላው አንድ፣ ጥሩ ከሞቀም ሁለት እንጀራ ያወጣል። ስሱ ላይ ያለው ሊጥ ግን እዚያው ይቀራል። መብራት በሚቆራረጥበት ሰፈር ይህ ትንሽ ነገር አይደለም።

ልኬቱ እንዲህ ነው። ቴስተር ተለዋጭ ኮረንቲ ቮልቴጅ ላይ አድርጋችሁ፣ ምጣዱ ጠፍቶ ሳለ እዚያው መስመር ላይ ያለ ሌላ ሶኬት ለኩ። ከዚያ ምጣዱን አብሩና እንደገና ለኩ። አንድ ጊዜ ጠዋት 4 ሰዓት ላይ፣ አንድ ጊዜ ምሽት 1 ሰዓት ላይ። አራት ቁጥር ይኖራችኋል፤ በሽታው ከእነሱ ይነበባል።

ምጣዱ ጠፍቶም ቮልቴጁ 180 ወይም 185 ከሆነ፣ ሲበራም የሚወርደው ከ10 ቮልት ያነሰ ከሆነ፣ ችግሩ ከቆጣሪው ውጭ ነው። ትራንስፎርመሩ ተጨናንቋል፣ ወይም እናንተ ያላችሁበት ፌዝ (ከትራንስፎርመሩ ከሚወጡት ሦስት የኮረንቲ መስመሮች አንዱ) ከሌሎቹ ሁለቱ ይልቅ ተጭኗል። እዚህ ላይ የቤት ውስጥ ሽቦ መቀየር ገንዘብ መጣል ነው፤ ከጎረቤት ጋር ተሰብስቦ ለኤሌክትሪክ አገልግሎቱ ማመልከትና እስከዚያው ጠዋት መጋገር ነው ያለው።

በተቃራኒው ምጣዱ ሲጠፋ 215፣ ሲበራ 190 ካለ ችግሩ የመስመራችሁ ነው። ስሌቱ ቀላል ነው፦ በ190 ቮልት 13.8 ኦም ያለው ምጣድ 13.8 አምፔር ይስባል፤ የጠፋው 25 ቮልት ለ13.8 ሲካፈል 1.8 ኦም ይመጣል። ይህን ያህል ሬዚስታንስ የቤት መስመር ላይ ሊኖር አይገባም። 340 ዋት ያህል ኃይል ሽቦና መገጣጠሚያ እያሞቀ ነው ማለት ነው፤ ከቆጣሪው በኋላ ከሆነ ደግሞ እናንተው እየከፈላችሁበት። ቀጥሎ ምጣዱ እንደበራ አንዴ ቆጣሪው አጠገብ ባለው ብሬከር መውጫ ላይ፣ አንዴ ሶኬቱ ላይ መለካት ነው፤ ልዩነቱ የቱ ጋ እንዳለ ያሳያል። ይህንን ክፍል የሚያውቅ ኤሌክትሪሺያን ይሥራው።

ዳርቻው ላይ በብዛት የሚገኘው ጥፋት የሽቦ ቅጥነት ነው። ግቢው ሰፊ ነው፤ ቆጣሪው አጥር ላይ፣ ማድ ቤቱ ጓሮ። ከቆጣሪ እስከ ማድ ቤት 50 ሜትር ቢሆን ኮረንቲው ሄዶ ሲመለስ 100 ሜትር ነው። በመዳብ ሽቦና በ16 አምፔር ብናሰላ፦ 1.5 ሚሊ ሜትር ካሬ 19 ቮልት ያህል ይበላል፣ ሽቦውም ይግላል፤ 2.5 ከሆነ 11 ቮልት፤ 4 ከሆነ 7፤ 6 ከሆነ 5 ገደማ። ለምጣድ ከ20 ሜትር በታች 2.5 ይበቃል፤ ከዚያ በላይ ከሆነ 4 ወይም 6 ግዙ። ሱቅ ላይ «2.5 ነው» ተብሎ የሚሸጥ፣ ሲላጥ መዳቡ የቀጠነ ሽቦ አለ፤ ላስቲኩ ወፍራም ስለሆነ ዓይን ያታልላል። የነጠላ ጠንካራ ሽቦ ዲያሜትር በካሊፐር ሲለካ 2.5ቱ 1.78 ሚሊ ሜትር አካባቢ፣ 4ቱ 2.26 አካባቢ መሆን አለበት።

ሌላው መገጣጠሚያ ነው። አሉሚኒየምን ከመዳብ ጋር በእጅ ጠምዝዞ በፕላስተር መጠቅለል ዛሬ ይሠራል፤ ከጥቂት ክረምት በኋላ ኦክሳይድ ይይዝና ይግላል። ለሁለቱ የተሠራ ማያያዣ አለ፣ እሱን ተጠቀሙ። ዲቫይደር ላይ ምጣድ መሰካት ግን አይሞከርም፤ አብዛኛው ዲቫይደር ውስጡ ያለው ቆርቆሮ ለ10 አምፔርም አይመችም። ከጋገራችሁ በኋላ ብሬከሩን አጥፍታችሁ ሶኬቱን ንኩት። እጅ የሚያቃጥል ከሆነ ወይም ፕላስቲኩ ቡናማ ከሆነ የሚቀጥለው እንጀራ ሳይጋገር መቀየር አለበት።

ስታቢላይዘር (የወረደ ቮልቴጅን ወደ 220 የሚመልስ ዕቃ) የሚመክር ሰው አይጠፋም። ለስሱ ምጣድ፣ ቮልቴጁ ከውጭ ዝቅ ብሎ የሚመጣ ከሆነ፣ አቅሙ ቢያንስ 3 ኪሎ ቪኤ የሆነ ይረዳል። ለሸክላው 5 ኪሎ ቪኤ ያስፈልጋል፤ ዋጋው ከምጣዱ ይበልጣል። ደግሞም ስታቢላይዘር ኃይል አይፈጥርም፦ 180 ቮልት ተቀብሎ 220 ለማውጣት ከመስመሩ የሚስበው ኮረንቲ ወደ 20 አምፔር ይጨምራል። መስመራችሁ ቀጭን ከሆነ ቮልቴጁ የበለጠ ይወርዳል፣ ስታቢላይዘሩም የበለጠ ይስባል፣ በመጨረሻ ብሬከሩ ይወድቃል። የቀጠነ ሽቦን በስታቢላይዘር ማከም አይቻልም።

ስሱን ለገዙ

በሸክላ የለመደ እጅ ስሱ ላይ የሚያደርጋቸው ነገሮች ይጎዱታል። ጎመን ዘር አያስፈልገውም። ሸክላ ሲሟሽ የተወቀጠ ጎመን ዘር በሙቀት ተደጋግሞ እየታሸ የሸክላውን ቀዳዳ ይዘጋል፣ ፊቱን ጥቁርና ለስላሳ ያደርገዋል። የማያጣብቀው ሽፋን ቀዳዳ የለውም፤ ዘይቱ ላዩ ላይ ተቃጥሎ ሙጫ ይሆናል፣ ከዚያ ወዲህ እንጀራው ያዘኝ ይላል። ቀድሞ ያጠቆረ ካለ፣ ሰሌዳው ቀዝቅዞ ለብ ባለ ውሃና ሳሙና በለስላሳ ጨርቅ እየደጋገሙ ማሸት እንጂ በሽቦ አይፋቅም።

ባዶውን አታግሉት። የቴፍሎን ዓይነት ሽፋን ከ260 ዲግሪ በላይ መበላሸት ይጀምራል፤ ለመተንፈስ የማይበጅ ጭስም ይወጣዋል። መቆጣጠሪያው ደህና ከሆነ እዚያ አይደርስም፤ ነገር ግን ርካሽ መቆጣጠሪያ ሲበላሽ ብዙ ጊዜ ተጣብቆ እንደበራ ይቀራል። ምልክቱ ትንሿ መብራት ጨርሶ አለመጥፋቷ ነው። በጤናማው ላይ መብራቷ በየጥቂት ደቂቃው ትጠፋለች፣ ትበራለች።

መስኮቱ ላይ የሚታየውን ቁጥር ብዙ አትመኑት። ሙቀቱን የሚያነበው ነገር ከሰሌዳው ሥር አንድ ቦታ ላይ ነው ያለው፤ የላዩን፣ በተለይም የጠርዙን አያውቅም። 200 ሲል ጠርዙ 170 ሊሆን ይችላል። ጥቂት ዱቄት መሃልና አራት ጠርዝ ላይ በትኑና የቱ ቀድሞ እንደሚጠቁር እዩ፤ በጣም የሚዘገየው ጠርዝ ላይ ሊጡን ሳሳ አድርጋችሁ ማፍሰስ ነው። የምጣዱ እግር ሚዛን አለመጠበቁም ሊጡን ወደ አንድ ወገን እያፈሰሰ ተመሳሳይ ጥፋት ያመጣል፤ በመጀመሪያ እሱን አስተካክሉ።

ሊጡ ለሸክላ ከሚሆነው ትንሽ ቀጠን ይበል። በሐምሌ ማድ ቤት ውስጥ ያደረ ሊጥ ቀዝቃዛ ነው፤ ከመጋገሩ በፊት ዕቃውን ከነሊጡ ለብ ያለ ውሃ ውስጥ ለግማሽ ሰዓት ማስቀመጥ ወይም አብሲቱን ዘግየት አድርጎ መጨመር ሊጡን ለብ ያደርገዋል። ሰሌዳው የሚያጣው ሙቀት ይቀንሳል፣ ዓይኑ ይሻሻላል። እንጀራ ካወጣችሁ በኋላ መብራቷ እስክትጠፋ ጠብቁ፣ ከዚያ አፍስሱ። ሳትጠፋ የሚያፈስስ ሰው ሦስተኛው እንጀራ ላይ ዓይን ያጣል።

የመስታወት ክዳን ያምራል፤ ለእንጀራ ግን አይመችም። ጠፍጣፋ ስለሆነ እንፋሎቱ ውሃ ሆኖ መሃል ላይ ያንጠባጥባል፣ እንጀራው ላይ ልጥልጥ ነጠብጣብ ይተዋል። ሾጣጣው የላሜራ ክዳን፣ ከእሱም በፊት አክንባሎው፣ ውሃውን በጎን በኩል ወደ ጠርዝ ያወርደዋል። ልኩ ከተገኘ ለስሱም ሾጣጣ ክዳን አሠሩለት፤ ቆርቆሮ ሠሪ በቀላሉ ያወጣዋል። ክዳኑ የሚገባው ዓይኑ ሙሉ በሙሉ ከወጣ በኋላ ነው።

ሸክላውን ማሻሻል

እዚህ ላይ አቋሜን ልናገር፦ ለትልቅ ቤተሰብና ቮልቴጁ ለሚዋዥቅ ሰፈር፣ አዲስ ስስ ምጣድ ከመግዛት ይልቅ ያለውን ሸክላ ማስተካከል ይሻላል። ብዙው ሸክላ ምጣድ ሥሩ ባዶ ነው፤ ከሽቦው ወደ ታች የሚሄደው ሙቀት ላሜራውን ያግላል፣ ወለሉን ያሞቃል። ከሥር ባለው ክፍተት 5 ሴንቲሜትር ያህል የድንጋይ ሱፍ፣ እሱ ከሌለ ደረቅና የተነፋ አመድ ወይም የደቀቀ ፑሚስ (ቀዳዳ የበዛበት ቀላል የእሳተ ገሞራ ድንጋይ) ቢሞላ ብክነቱ ይቀንሳል። ገለባም ሰጋቱራም አይገባም፤ ይነድዳል። የሽቦው ጫፎች የሚታሰሩበት ቦታ ሳይሸፈን ክፍት መቅረት አለበት፣ አለዚያ መታሰሪያው ራሱ ይቃጠላል። አመድ እርጥበት ይስባል፤ ለረጅም ጊዜ ካልተጋገረበት ከመጋገር በፊት ማድረቅ ያስፈልጋል።

ሸክላው ስስ ሲሆንም ቶሎ ይሞቃል። ከ2.5 ወደ 1.5 ሴንቲሜትር የወረደ ሸክላ የማሞቂያ ጊዜውን በሲሶ ያህል ያሳጥረዋል፤ ያጠራቀመው ሙቀትም ከአሉሚኒየሙ ሰሌዳ በእጥፍ ይበልጣል። ችግሩ ስብራት ነው። የጋለ ሸክላ ላይ ቀዝቃዛ ውሃ ጠብ ካለ ስሱ ቀድሞ ይሰነጠቃል።

የሽቦ ነገር። ሽቦ የሚበጠሰው በብዛት ከሁለት ቦታ ነው፦ ጫፉ ከሚታሰርበት፣ ወይም ሸክላው ተሰንጥቆ ሊጥ በገባበት። ቴስተሩ ኦም ላይ ሆኖ፣ ምጣዱ ከሶኬት ተነቅሎ፣ 13 ወይም 14 ካነበበ ጤናማ ነው። ምንም ካላነበበ ተበጥሷል። 12.5 እና ከዚያ በታች ካነበበ፣ 4 ኪሎዋት ነው ተብሎ ያልተሸጠ ከሆነ፣ አንድ ሰው ቀደም ሲል የተበጠሰውን ቆርጦ አሳጥሮ ቀጥሎታል። ሽቦው በአሥር በመቶ ሲያጥር ሬዚስታንሱ 12.4 ይሆናል፣ በሙሉ ቮልቴጅ ወደ 18 አምፔር ይስባል፤ ለ16 የተሠራ ሶኬት ቀስ እያለ ይቀልጣል። ቶሎ ጋለ ብሎ የሚደሰት አለ። የተጠመዘዘው መቀጠያም ከሌላው ይበልጥ ስለሚግል እዚያው ተመልሶ ይበጠሳል። የተበጠሰ ሽቦ ሙሉውን ይቀየር።

ሲቀየር ምጣዱ በጆንያ ላይ ይገለበጣል፣ አሮጌው መድፈኛ በቀስታ ይፈነቀላል። ቦዩ በ2.5 ሴንቲሜትር ልዩነት የዞረ ከሆነ ርዝመቱ 9 ሜትር አካባቢ ነው፤ ግን አይገመትም፣ ሲባጎ ቦዩ ውስጥ ዙሩን ሙሉ ይተኛና ይለካል። ሲባጎው አራት እኩል ቦታ ምልክት ይደረግበት። አዲሱ ጥቅል ሽቦ በሲባጎው ልክ እኩል እየተሳበ፣ በየምልክቱ የዙሩ ቁጥር ተመሳሳይ መሆኑ ይታይ። አንድ ቦታ የተጠጋጋ፣ ሌላ ቦታ የተለጠጠ ከሆነ እንጀራው በአንድ ወገን ያርራል፣ በሌላው ጥሬ ይቀራል። ጠርዙ አየር ላይ ስለሚበርድ ውጪኛው ዙር ትንሽ ጠበቅ ቢል ጥሩ ነው። ጫፎቹ 10 ሴንቲሜትር ያህል እጥፍ ተደርገው ይጠምዘዙ፤ እጥፉ ስለማይግል መታሰሪያው ይድናል። መታሰሪያው የነሐስ ቡሎን በሴራሚክ ላይ ይሁን።

ለመድፈን ጀሶ ርካሽና ፈጣን ነው፤ ሆኖም ከ150 ዲግሪ በላይ ውሃውን ያጣና ዱቄት ይሆናል። የተነፋ የሸክላ አፈር ከተፈጨ የምጣድ ስብርባሪ ጋር ተቦክቶ ይሻላል። ሁለት ቀን ፀሐይ ላይ ይድረቅ። ከዚያ ሁለት ደቂቃ በርቶ አሥር ደቂቃ እየጠፋ፣ እንፋሎቱ እስኪያልቅ ይደጋገም። እርጥቡን በአንድ ጊዜ ማጋል ሸክላውን ይሰነጥቃል፣ ላሜራውንም ኮረንቲ ያስይዛል።

«ምጣዱ ይነዝራል» የሚባለው ከዚሁ ይመጣል። እርጥብ ሸክላ ኮረንቲ ያስተላልፋል፤ በክረምት ሳምንታት ሳይጋገርበት የቆየ ምጣድ የመጀመሪያዎቹን ደቂቃዎች ሊነዝር ይችላል። ፕላስቲክ ጫማ ማድረግ ወይም እንጨት ላይ መቆም መፍትሔ አይደለም። ላሜራው ራሱ በአረንጓዴና ቢጫ ሽቦ ከመሬት መስመር ጋር መታሰር አለበት፤ መስመሩም ግቢ ውስጥ ከተቀበረ የመዳብ ዘንግ ጋር በእውነት መገናኘት አለበት። ብዙ ቤት ሶኬቱ ሦስተኛ ቀዳዳ አለው፣ ከኋላው ግን ምንም አልታሰረበትም። በተጨማሪ 30 ሚሊ አምፔር ሲያፈስ የሚቆርጥ መከላከያ ለማድ ቤቱ ይግጠም። ገጥማችሁ ምጣዱ በየጊዜው የሚያስወድቀው ከሆነ መከላከያውን አትንቀሉት፤ ሸክላውን አድርቁ ወይም ስንጥቁን ፈልጉ።

ኮንዶሚኒየም ለሚኖሩ አንድ ነገር ልጨምር። ነዋሪው በጋራ የሚጠቀምበት የኮሙናሉ ሕንፃ የተሠራው ለዚህ ሥራ ጭምር ነው፤ በእንጨትም ለሚጋግር ጭሱ ቤት አይገባም። መብራት ለቀናት በሚጠፋበት ጊዜ ምርጥ ምድጃ፣ ያ ከሲሚንቶና ከአሸዋ ወይም ከፑሚስ የሚሠራው ተገጣጣሚ፣ ከሦስት ጉልቻ ጋር ሲነጻጸር ማገዶውን እስከ ግማሽ ይቀንሳል። ልኩ ለ60 ሴንቲሜትር ሸክላ ነው፤ ሽቦው የተበጠሰ ሸክላ ግን እዚያ ላይ አይሆንም፣ የተቆፈረው ጀርባ በእሳት ይሰነጠቃል። ያልተቆፈረ ሸክላ ለብቻው ይገዛ።

ስሱን ለመግዛት የወሰነ ሰው ሱቅ ውስጥ የሚያየው እንግዲህ ይህን ነው። ሰሌዳውን ጠርዙ ላይ ለኩት፤ ከ5 ሚሊ ሜትር በታች ከሆነ ይጣመማል፣ ከተጣመመም ሊጥ መሃል ላይ ይቋጠራል። ቀጥ ያለ ማስመሪያ ፊቱ ላይ አስቀምጡና ከሥሩ ብርሃን ያልፍ እንደሆነ እዩ። ሶኬት ሳይነካ ሁለቱ ሹሎች ላይ ኦም ለኩ፤ 2 ኪሎዋት ከተባለ 24 አካባቢ ማንበብ አለበት፤ ዲጂታሉ ሳይበራ ላያነብ ስለሚችል ሱቁ ውስጥ አስበርተው ዋት በሚለካ ዕቃ ይፈተን። በሦስተኛው ሹልና በላሜራው መካከል ዜሮ ኦም ካላነበበ የመሬት መስመሩ አልተገናኘም። መቆጣጠሪያው ሲበላሽ ለብቻው የሚገዛበት ቦታ አለ ወይ ብላችሁ ጠይቁ፤ ሙሉ ሰሌዳው ካልተቀየረ የሚሉት ከሆነ ዋጋው ላይ ያንን ደምሩበት። ቤት እንደገባ የካርድ ቆጣሪውን ንባብ ጽፋችሁ፣ ፍሪጁንና ሌላውን አጥፍታችሁ፣ አሥር እንጀራ ጋግሩና እንደገና አንብቡ። ከ2 ኪሎዋት ሰዓት በላይ ከበላ፣ ወይ ክዳኑ ይተነፍሳል ወይ ቮልቴጁ ዝቅ ብሎ ጊዜው ተራዝሟል።